የበረዶውን ሒሳብ ፈላና በር ላይ እንተሳሰብ

«ለበረዶ ጥናት የሕዝብ ገንዘብ?» አለኝ አንድ የሰፈር ልጅ፣ ሐረር ፈላና በር ላይ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ። «አቦ! እኛ ቦኖ ላይ ጀሪካን ሰልፍ አስይዘን እንውላለን፤ እነሱ ሰሜን ዋልታ ሄደው በረዶ ሲቀልጥ ለመለካት ሚሊዮን ይመድባሉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኮ ይኼ ነው!»

እንካ መልስህን። ድስቱ ሁለት ነው፣ እሳቱ ግን አንድ ነው። እዚያ በረዶ የሚያቀልጠው ሙቀት እዚህ ማሽላህን የሚያጠወልገው ሙቀት ነው። ሰሜን ዋልታ ከ1979 ወዲህ ከቀረው ዓለም አራት እጥፍ ሊሞላ በተቃረበ ፍጥነት ሞቋል (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራልህ)። ነጭ በረዶ የፀሐይን ጨረር ወደመጣበት ይመልሳል፤ በረዶው ሲያልቅ ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ባሕር ጨረሩን ይጠጣዋል፤ የጠጣው ሙቀት ደግሞ የቀረውን በረዶ ያቀልጣል። ይህን ያወቅነው ሰዎች በሕዝብ ገንዘብ ዓመት ከዓመት እዚያ ቆመው ስለለኩ ነው።

«ይለኩ! እኔን ምን አገባኝ?» ትላለህ። የምትበላው ዘይት በየት ገባ? ገበሬው የሚበትነው ማዳበሪያስ? የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። የግሪንላንድ በረዶ ጨርሶ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር ሰባት ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። ነገ አይቀልጥም፤ ዕድሜህ ውስጥም አያልቅም። ጅቡቲ ላይ የመርከብ ማቆሚያ የሚሠራ መሐንዲስ ግን ባሕሩ በሃምሳ ዓመት ውስጥ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚነሣ ማወቅ አለበት፤ ያን ቁጥር የሚሰጠው በረዶውን የሚለካው ሰው ነው። ወደብ የሌላት አገር የሌላው ወደብ ሲነካ ትታመማለች።

«እሺ ወደቡ ይሁን። ከራሱ ከበረዶው ጋር ግን ዝምድና የለንም!» አለኝ ደግሞ።

አለን እንጂ! ዘር አስቀምጠናል። ኖርዌይ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ባሉት የስቫልባርድ ደሴቶች፣ ተራራ ሠንጥቃ፣ በ2008 የዓለም የዘር ማከማቻ ከፈተች። ግንባታውን የከፈለው የኖርዌይ መንግሥት ነው። ዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ከኢትዮጵያ ማሳ የተሰበሰበ ማሽላና ገብስ በዓለም አቀፍ የዘር ባንኮች በኩል እዚያ ገብቷል፤ አዲስ አበባ ያለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋምም የመኖ ዘር ልኮ አስቀምጧል። ጦርነት የዘር ባንክ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ሶርያ አሳይታለች፤ ሐለብ አጠገብ የነበረው ባንክ ሥራው ሲቋረጥ፣ በ2015 ያስቀመጠውን ከስቫልባርድ አውጥቶ በሌሎች አገሮች እንደገና ዘርቷል። በ2016 ማብቂያ ላይ ደግሞ አካባቢው ከልክ በላይ ሞቆ የቀለጠ ውኃ እስከ ማከማቻው መግቢያ ዋሻ ድረስ ዘለቀ። ዘሩ አልተነካም። ሆኖም ለዘላለም ቀዝቃዛ ነው ተብሎ የተመረጠ ተራራ አሥር ዓመት ሳይሞላው ውኃ አስገባ። የሐረርጌ ገበሬ ልጅ ሆነህ ይህን ሰምተህ «ምን አገባኝ» ካልክ፣ ከብትህ የሚያድርበት በረት ጣሪያ ሲያፈስም ዝም በል።

«በረዶ እኛ ጋ ከሰማይ ወርዶ ከመሬት ሳይደርስ ያልቃል» ያልከኝን ደግሞ በአጭሩ ልመልስልህ። የባሌ ተራራ የሳነቴ አምባ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ነበረበት። በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ፊንጫ ሀበራ በሚባል ዋሻ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ከግግሩ አጠገብ እየኖሩ የተራራውን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። የዋቢ ሸበሌ ምንጭ ያ ተራራ ነው፤ ከሐረር በታች የሚወርደው ኤረርም የሚገባው እሱ ውስጥ ነው። ያንን ምርምር በአብዛኛው የከፈለው የጀርመንና የስዊዘርላንድ ግብር ከፋይ ነው። የራሳችንን ተራራ ታሪክ በሰው ኪስ ነው የተማርነው።

አሁን ወደ ዋናው ንክሻህ እንምጣ። «ለጥናት የሚወጣው ገንዘብ ለውኃ ይዋል» አልክ። ጥሩ። የውኃውን ነገር እንተሳሰብ።

ሐረር ውኃ ትጠጣ የነበረው ከየት ነው? ከሐረማያ ሐይቅ። ከዚህ ከፈላና በር ወጥተህ የአወዳይን መንገድ ይዘህ ስትሄድ የምታገኘው ሐይቅ ነው። ለዓሥርት ዓመታት ውኃው በቧንቧ ወደ ከተማው ይመጣ ነበር። እዚያው ሐይቁ ዳር ሞተር ተተክሎ ጫትና ድንች ይጠጣ ነበር፤ ከተሞቹና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ከዚያው ይቀዱ ነበር። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ዛፉ ተመንጥሮ፣ ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ ወደ ሐይቁ ያወርደው ነበር። ሙቀቱ ጨመረ፤ ትነቱም አብሮ ጨመረ። ሁሉም ቀዳ፣ ማንም አልተካም። በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ሐይቁ አለቀ። ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ ከብት ተሰማራበት።

ከዚያ በኋላስ? ከድሬዳዋ ቆላ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቧንቧ ተዘርግቶ፣ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ውኃው ወደ ሐረር ተሳበ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,885 ላይ። በመሐል ደግሞ የደንገጎ ዳገት አለ። እያንዳንዷ ጀሪካን ያን ዳገት በፓምፕ ተገፍታ ነው የምትወጣው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ቦኖው ላይ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ታስሮ፣ እጀታው ላይ ጨርቅ ተቋጥሮ፣ የባለቤቱን ተራ ይዞ ፀሐይ ላይ ይውላል። አዴ አትክልት ሻጯ ሰላጣዋን የምትረጭበት ውኃ ታጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ሰላጣው ይጠወልግና በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። እንግዲህ ንገረኝ፤ ሐይቁ ሳያልቅ በየዓመቱ ለመለኪያ፣ ለመዝጋቢ፣ ለተመራማሪ የሚወጣው ብርና የዚህ ቧንቧ ዋጋ አንድ ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል በጅብ ከተማ ተወልደህ አልሰማህም?

እዚህ ላይ ልጁ ያወጣት ተረብ ግን ከሁሉም የባሰች ነበረች፤ ላልፋት አልችልም። «ዩኒቨርሲቲው እኮ እሐይቁ ዳር ነው የተቀመጠው! ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ምሁር ተቀምጦበት ከዓይኑ ሥር ነው የደረቀው። ምርምር ሐይቅ የሚያድን ቢሆን ይኼ ሐይቅ መሞት አልነበረበትም!» አለ። አጠገቡ የቆሙት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ቃሉ ግማሽ እውነት አለው፣ ግማሹን እውነት ደግሞ ማክበር አለብኝ።

እውነት ነው፤ የአለማያ እርሻ ኮሌጅ (የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ) የተመሠረተው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ የፖይንት ፎር ስምምነት፣ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አጋዥነት ነው፤ ሐይቁም ጎረቤቱ ነበር። ውሸቱ ያለው «ምሁሩ ተኝቶ ነበር» የሚለው ላይ ነው። የሐይቆች ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ፕሮፌሰር ብሩክ ለማ ሐይቁ ከመድረቁ በፊት ሲያጠኑት ቆይተው፣ የሰው እጅ በሐይቁ ላይ ያመጣውን ለውጥ በ2003 በሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ሌሎችም ጽፈዋል። ጽሑፉ ነበረ። ያልነበረው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የማያቋርጥ ልኬት። የመመረቂያ ጥናት ሁለት ዓመት ነው፤ የፕሮጀክት ገንዘብ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ነው። ሐይቅ የሚሞተው በሠላሳ ዓመት ነው። ተማሪው ይመረቃል፣ መኪናው ይመለሳል፣ መለኪያው ዝጎ ይወድቃል፤ ቀጣዩ ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ሥልጣን። ተመራማሪ «ውኃው እየቀነሰ ነው» ብሎ ይጽፋል እንጂ ሞተር አያስቆምም፤ ኮረብታ አይከልልም። ሐይቁ ያለው በኦሮሚያ ክልል፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ነው፤ ጠጪው ከተማ ያለው በሐረሪ ክልል ነው። ገበሬው ለአንዱ ግብር ይከፍላል፤ የቧንቧው ቆጣሪ የሌላው ነው። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ደብዳቤው የማን ጠረጴዛ ላይ ይረፍ? ሁለቱ ጠረጴዛዎች መሐል ወደቀ፣ ሐይቁም ወደቀ። እንግዲህ ከዚህ የምትማረው «ምርምር አይረባም» የሚለውን ነው? ሐኪሙ የደም ግፊት አለብህ ብሎህ መድኃኒቱን ያልወሰድከው አንተ ሆነህ ሐኪሙን አትስደብ።

የዝናብ መለኪያ ከቅርብ አይተህ ታውቃለህ? ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ የተተከለ፣ አፉ ክብ የሆነ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ማንቆርቆሪያ አለው። ተመልካቹ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይመጣል። የተጠራቀመውን ጭረት ባለው የመስታወት ብልቃጥ ይገለብጣል፤ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውኃው ልክ ያስተካክላል፤ በሚሊ ሜትር ያነባል፤ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ዝናብ ባይዘንብም ይመጣል፤ ዜሮም ይጻፋል። አንድ ሳምንት ቢታመምና ተተኪ ባይኖር ያ ሳምንት ከአገሪቱ ታሪክ ለዘላለም ተሰርዟል፤ በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይለካም። የአየር ንብረት ምርምር ብለህ የምትስቅበት ነገር መሠረቱ ይኼ ሰው ነው። ደመወዙ የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ከሌላ ከማንም ሊከፈል አይችልም። ነጋዴ ዜሮ ለሚያስመዘግብ ሰው ደመወዝ አይከፍልም።

«እሺ! ይጠና ካልክ ፈረንጅ ያጥና፣ ገንዘብ አለው!» ይኼ ደግሞ የመጨረሻዋ ጥይትህ ናት።

ፈረንጅ ሲያጠና ቆይቷል፤ ምስጋናም ይገባዋል። ከ1982ቱና 83ቱ ኤልኒኞ በኋላ በሰላማዊ ውቅያኖስ ወገብ ላይ 70 ገደማ ተንሳፋፊ መለኪያዎች ተተክለው በ1994 ተጠናቀቁ። የዚያ ውኃ ሙቀት ሲነሣ የእኛ ክረምት እንደሚጎድል ስለታወቀ፣ የእኛም ሜትሮሎጂ ትንበያውን ሲያወጣ ያንን ልኬት ይመለከታል። በ2015 ኤልኒኞው መጥቶ ክረምቱ ሲከዳ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ፤ ሁለቱ ሐረርጌዎች ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ሩቅ የተተከለ መለኪያ እንዲህ ነው ቤትህ ድረስ የሚመጣው።

ነገር ግን በሰው ወርቅ አይደምቁ። ከ1984ቱ ረሃባችን በኋላ፣ በ1985፣ አሜሪካ ፊውስ ኔት የሚባል የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ አቋቋመች። ለአርባ ዓመት ያህል የዝናቡንም የገበያውንም ሁኔታ እያጠና ሲያሳውቅ ቆየ። በጥር 2025 ዋሽንግተን የውጭ እርዳታዋን ስታግድ መረቡ ድረ ገጹ ሳይቀር ጠፋ። ከወራት በኋላ ሲመለስ እንኳ እነዚያ ወራት አልፈዋል። በእኛ ረሃብ ስም የተወለደ ሥርዓት እኛ ሳንጠየቅ በአንድ ፊርማ ተዘጋ። ልታማርር ትችላለህ፤ ነገር ግን ገንዘቡ የእነሱ ነው፣ ቁልፉም የእነሱ ነው።

ከፋዩ ጥያቄውንም ይመርጣል። በ1970ዎቹ አለማያ ላይ በዶክተር ብርሃነ ገብረኪዳን የሚመራ የኢትዮጵያ ማሽላ ማሻሻያ ፕሮጀክት ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠር የአገር ማሽላ ሰበሰበ። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከካናዳ መንግሥት የልማት ምርምር ማዕከል ነው። ከዚያው ኮሌጅ በ1973 የወጣው ገቢሳ ኤጄታ የማሽላ ዘር እየዞረ ከሰበሰበ በኋላ አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ በ1983 የለቀቀው ሱዳን ውስጥ ነው፤ አቀንጭራን የሚቋቋመውንም አወጣ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለመ። ሐረማያ ያበቀለችው ሰው ነው፤ ላቦራቶሪው ግን ኢንዲያና ነበር።

ድርቅ ሲመጣ ቅጠሏ ሳይደርቅ አረንጓዴ ሆና የምትቆይ ማሽላ አለች። ዝናቡ ቀድሞ ሲወጣ ሌላው ማሽላ ከሥር ጀምሮ ቅጠሉ እየነጣ ይወጣና አገዳው ተሰብሮ ይወድቃል፤ እሷ ግን ፍሬዋን እስክትሞላ ቆማ ትጠብቃለች። ቴክሳስና አውስትራሊያ ያሉ አዳቃዮች ለዓመታት የሠሩባት የዚህች ባሕርይ ዋና ምንጭ የኢትዮጵያ ማሽላ ነው። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አቀንጫሪ ቫይረስ የታደገው ዘረ መልም የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ዘሩ የእኛ፣ ጥያቄው የእነሱ፣ ገንዘቡ የእነሱ፣ ትርፉ የእነሱ። በዚህ የሚቆጨው ሰው ካለ ቁጭቱን በጀት ያድርገው።

«ሐረማያ ላይ ትልቅ የአየር ንብረት ማዕከል አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ታዲያ ምን ቀረን?» ካልከኝም መልስ አለኝ። አለ። የአየር ንብረትን ያገናዘበ ግብርናና የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ የአፍሪካ የልህቀት ማዕከል ይባላል፤ ከ2016 ጀምሮ በዓለም ባንክ ገንዘብ በስምንት አገሮች ከተቋቋሙት 24 ማዕከላት አንዱ ነው። ከየአገሩ የመጡ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን ያስተምራል፤ ደስ ይለኛል። ሆኖም የባንክ ፕሮግራም የመዝጊያ ቀን አለው። የመዝጊያው ቀን ካለፈ በኋላ ሥራውን የሚያስቀጥለው የማን በጀት ነው? ይህን ጥያቄ ባንኩ አይመልሰውም፤ እኛ ነን የምንመልሰው።

መልሱንም ወረቀት ላይ ጽፈነዋል። በጥር 2007 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ፣ ስለ ሳይንስና ስለ አየር ንብረት ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ አገር ከጠቅላላ ምርቱ 1 በመቶውን ለምርምር እንዲያውል ተስማሙ። ኢትዮጵያ በ2012 ባወጣችው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ደግሞ 1.5 በመቶ አለች። ያን ቃል ሳንደርስበት ዓመታት አለፉ። ማንንም ለማሳጣት አይደለም የማነሣው፤ የራሳችን ቃል ስለሆነ ነው። በ2027 ደግሞ 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ዓለም ሁሉ ይመጣል። ሀብታሞቹ ላቆሸሹት አየር እንዲከፍሉን እንጠይቃለን፤ መጠየቅም አለብን፣ ያጠፋነው ከእነሱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነውና። የጉዳታችንን ልክ የሚናገር የራሳችን መዝገብ ሳይኖረን ግን ተከራክረን አንረታም። ዳኛ ፊት «ተጎዳሁ» ብቻ ብሎ የቆመና ማስረጃ ይዞ የቆመ ሰው እኩል አይሰሙም።

የሐረማያ ሐይቅ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተመልሷል። ዝናቡ በረታ፣ በዙሪያው የተፋሰስ ሥራ ተሠራ፣ ውኃው ተኛ፤ ወፎቹም መጡ። ወደ ድሬዳዋ ስትወርድ ከመኪና መስኮት ታየዋለህ። ይህ ሁለተኛ ዕድል ነው፤ ብዙ የደረቀ ሐይቅ ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። ውኃው ሲመለስ ሞተሩም ሊመለስ ይችላል፤ አፈሩ ከኮረብታው መውረዱን አላቆመም፤ ሙቀቱም አልቀነሰም። አሁን ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን በየቀኑ ይለካዋል፣ ልኬቱስ ሲወርድ ማን ይታዘዛል?

ለሐረሪ ክልል ምክር ቤትና ለጨፌ ኦሮሚያ አባላት የምለው ይህ ነው። ለሐይቁ አንድ የጋራ የበጀት መደብ ክፈቱ። የውኃውን ከፍታ፣ ዝናቡን፣ ደለሉንና የሚቀዳውን መጠን የሚመዘግቡ ሠራተኞች ደመወዝ ከፕሮጀክት ሳይሆን ከመደበኛ በጀት ይሁን። ዩኒቨርሲቲው ቁጥሩን በየወሩ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ ለሕዝብ ያውጣ። ውኃው ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ሞተር የሚያስቆም ደንብ በሁለታችሁም ፊርማ ይጽና።

አንተም የመረጥከውን ሰው ፈላና በር ላይ ስታገኘው አቁመህ ጠይቀው፦ ዘንድሮ ሐይቁን ለመለካት ስንት ብር ያዛችሁ?